ትራክተሩ በዘር ሳምንት አልነሣ ሲል

በአርሲ ደጋ፣ በበቆጂ አካባቢ፣ ሰኔ ሲያጋምስ ገበሬው ዓይኑን ከሰማዩ ላይ አያነሣም። ዝናቡ መሬቱን አርጥቦታል፤ ነገር ግን ገና አላጨቀየውም። ገብሱና ስንዴው መሬት መግባት ያለበት በዚህ መሐል በሚገኙት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ቀኖቹ ካለፉ በኋላ የሚዘራ ሰው ዘሩን በጭቃ ላይ ይበትናል፤ በመኸርም የጎረቤቱን ክምር እያየ ይቆጫል። ስለሆነም በዚህ ሳምንት ጧት አልነሣ የሚል አንድ ትራክተር የባለቤቱ ችግር ብቻ አይደለም። ተራ ይዘው የሚጠብቁት አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ ችግር ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የሰኔ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ከሚገኝ የገበሬ ግቢ ሲደርስ ያጋጠመው ይኸው ነበር። ከጧቱ 1 ሰዓት ነው። ጉም መሬቱን አልለቀቀም። በግቢው መካከል ቀለሙ የደበዘዘ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ቆሟል። በዙሪያው የማሳቸውን ተራ የሚጠብቁ ሁለት ወንዶችና አንዲት እማወራ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከመቀመጫው ላይ ያለው ወጣት ረዳት ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አይነሣም። እንደገና ያዞራል። ድምፁ በየጊዜው እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ «ጠቅ» ከማለት በቀር ምንም አልሰማ አለ።

በዚህ ጊዜ ወጣቱ ከመቀመጫው ዘሎ ወረደና ከመሣሪያ ሣጥኑ ረጅም ካቻቢቴ አንሥቶ በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ገባ። ሐሳቡ የሞተሪኖውን ሁለት ቡሎኖች በካቻቢቴው አገናኝቶ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ለመስጠት ነበር። በአገራችን ብዙ የትራክተርና የመኪና ረዳቶች የሚያውቁት አቋራጭ ነው።

«ተው! ውጣ ከዚያ!» የሚል ጩኸት ከቤቱ ደጃፍ ተሰማ። ባለትራክተሩ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ማርሹን አይቼዋለሁ እኮ» አለ ወጣቱ።

«እኔም አይቼው ነበር ልጄ» አሉት። ከዘራቸውን ወደ እግራቸው አመለከቱ።

ከዚያ በኋላ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ እንደነገሩን፣ ከዓመታት በፊት እርሳቸውም በአንድ ጧት እንደዚሁ ካቻቢቴ ይዘው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ቆመው ነበር። ማርሹ ባዶ ላይ ያለ መስሏቸዋል። ሞተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ፤ ትራክተሩም በዚያው ቅጽበት ወደፊት ሄደ። የኋላ ጎማው በጭናቸው ላይ አለፈ። መሬቱ በዝናብ የራሰ በመሆኑ እግራቸው ወደ ጭቃው ሰጠመላቸውና በሕይወት ተረፉ፤ አጥንቱ ግን ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ነጂ የሌለው ትራክተር የግቢውን አጥር ጥሶ ከአንድ ባሕር ዛፍ ጋር ተላትሞ ቆመ።

ይህን አደጋ በጥቂቱ ማስረዳት ያስፈልጋል። በብዙ ትራክተሮች ላይ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ በማርሹ አጠገብ ባለች አንዲት የጥንቃቄ ማብሪያ በኩል ያልፋል። በማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ትልቁና ትንሹ ፍጥነት የሚመረጥበት ዘንግ ባዶው ቦታ ላይ ካልሆነ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሪኖው አይሠራም። ይህች ማብሪያ የተሠራችው ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ ሳለ እንዳይነሣ ነው። በካቻቢቴ አቋርጦ የሚያስነሣ ሰው ይህንን ጠባቂ አልፎ ይሄዳል። ከዚህም የከፋው፣ የሚቆምበት ቦታ ጎማው የሚያልፍበት መንገድ መሆኑ ነው። ሸሽቶ ለማምለጥ ጊዜ አይገኝም።

ሦስት ጥያቄዎች

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መካኒኩ በሞተር ብስክሌት ከበቆጂ ደረሱ። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ በመጀመሪያ የጠየቁት «ጧት ሞተሩ በደንብ ይዞር በነበረበት ጊዜ በጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣ ነበር?» የሚል ነበር። ማንም መልስ አልነበረውም። ሁሉም ቁልፉንና ድምፁን እንጂ የጭስ ማውጫውን አልተመለከተም።

«ባትሪውን የጨረሳችሁት መልሱን ሳታዩ ነው። ጧት አንድ ችግር ነበራችሁ፤ አሁን ሁለት ሆነ» አሉ መካኒኩ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አልነሣ ያለ አሮጌ ትራክተር ምን እንደጎደለው በድምፁና በጭሱ ይናገራል። ባለቤቱ የሚያየውንና የሚሰማውን በቅደም ተከተል ከመረመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ዋናው ፓምፕ ሳይፈታና ገንዘብ ሳይወጣ ሊያገኘው ይችላል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ተረጭቶ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በበቂ ፍጥነት መዞር፤ ሁለተኛ፣ አየርና ውሃ የሌለበት ናፍጣ ከሲሊንደሩ መድረስ፤ ሦስተኛ፣ በቂ ሙቀት። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጅ ሦስት እጅ ያህል የሳሳ ነው። የደጋው ብርድ ሲጨመርበት፣ በቆላ ያለ ችግር የሚነሣ አሮጌ ሞተር በዚህ አካባቢ ጧት ጧት ቢያስቸግር የሚያስገርም አይሆንም።

በመሆኑም ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ሞተሩ ይዞራል? ከዞረ፣ ጭስ አለው? ጭስ ካለው፣ ምን ዓይነት ጭስ ነው?

ሞተሪኖው ዝም ሲል ወይም ሲደክም

ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የማርሹ ዘንግ በትክክል ባዶ ቦታው ላይ መሆኑን ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ፈጽሞ ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በባትሪው ወይም በገመዶቹ ማሠሪያ ላይ ነው። መብራቱ ደምቆ እንደበራ ከቀረና ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ባትሪው ደኅና ነው፤ ችግሩ በቁልፉ፣ በጥንቃቄ ማብሪያዋ ወይም በራሱ በሞተሪኖው ዘንድ ይፈለጋል። መብራቱ ደብዝዞ ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሠሪያዎቹ ዝገዋል ማለት ነው። ከሙከራው በኋላ የገመዶቹን ማሠሪያ በእጅ መዳሰስ ጠቃሚ ነው። የሞቀ ማሠሪያ ከተገኘ፣ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ ያጣው እዚያ ላይ ነው።

ማሠሪያዎቹ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከታሠረ በኋላ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀባል። በሚፈታበት ጊዜ ከትራክተሩ ገላ ጋር የታሠረው ገመድ ቀድሞ ይፈታል፤ በሚታሠርበት ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ይታሠራል። እንዲህ ከተደረገ ቁልፉ ብረት ቢነካ እሳት አይፈናጠርም። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ውሃውን ለማየት ክብሪት መጫርም ሆነ አጠገቡ ሲጋራ ማጨስ ፈጽሞ አይገባም።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን፣ ከሥራ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12 ቮልት ከወረደ አብዛኛው ኃይሉ አልቋል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ በላይ ማሠራት ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይጎዳል፤ በየመሐሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማስነሣትም የማርሽ ሣጥኑን ክብደት ከሞተሩ ላይ ስለሚያነሣ ለደከመ ባትሪ እርዳታ ነው።

በዚያ ጧት መካኒኩ የተዳከመውን ባትሪ አንሥተው ከጎረቤት የጭነት መኪና ባትሪ አስመጡ። የመኪናው ኤሌክትሪክ 24 ቮልት በመሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት ከሆኑት ሁለት ባትሪዎች አንዱ ብቻ ተፈትቶ መጣ። ሁለቱን አያይዞ ለትራክተሩ መስጠት ሞተሪኖውንና ሽቦዎቹን ሊያቃጥል እንደሚችል ለወጣቱ አስረዱት።

ሞተሩ ይዞራል፣ ጭስ ግን የለም

አዲሱ ባትሪ ከታሠረ በኋላ መካኒኩ ወጣቱን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው እርሳቸው የጭስ ማውጫው አጠገብ ቆሙ። ሞተሩ በኃይል ዞረ። ከጭስ ማውጫው ግን ምንም አልወጣም። «አየህ፣ ናፍጣው እልፍኝ አልገባም» አሉ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ ከሲሊንደሩ አልደረሰም። በመጀመሪያ የሚታየው ሞተሩን ለማጥፋት የሚሳበው እጀታ ነው። ማታ ሞተሩ የጠፋበት እጀታ ሳይመለስ ካደረ፣ ፓምፑ ናፍጣ ስለማይሰጥ ቀኑን ሙሉ ቢሞከር አይነሣም። ለዚሁ ብቻ መካኒክ ተጠርቶ፣ እጀታውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ የነዳጁ ቧንቧ መክፈቻ ክፍት መሆኑና ታንኩ ውስጥ ናፍጣ መኖሩ ይታያል። የታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈን ናፍጣው አይወርድም፤ ሞተሩም ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ነበሩ። መካኒኩ በማጣሪያው ሥር ያለችውን የመስታወት ጽዋ በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን አሳዩን። ከናፍጣው በታች ሌላ ንጹሕ ነገር ተኝቷል። ውሃ ነበር። ናፍጣው በበርሜል ሲቀመጥ የዝናብ ውሃ ገብቶበታል፤ በጎደለ ታንክ ውስጥም በሌሊቱ ብርድ የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ ተለውጦ ወርዷል። ከዚህም ሌላ የማጣሪያው አንዲት የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃ ስለነበረ አየር ገብቷል። አየር ደግሞ ሲጫኑት የሚታመቅ ነገር በመሆኑ፣ በቱቦው ውስጥ ካለ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢገፋ ናፍጣውን በኖዝሉ በኩል ሊረጨው አይችልም።

ስለዚህ ውሃው ተደፋ፤ ጽዋዋ ታጠበች፤ ቀለበቷ ተለወጠች፤ ከዚያም አየር የማስወጣቱ ሥራ ተጀመረ። ሥርዓቱ ከታንኩ ተነሥቶ ወደ ኖዝሎቹ መሄድ ነው። በመጀመሪያ የማጣሪያው የአየር ቡሎን ላላ ይደረጋል፤ ናፍጣውን ከታንኩ የሚስበው ትንሹ ፓምፕ በእጅ ማንሻው ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ማንሻው የማይገፋ ሆኖ ከተገኘ ፓምፑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሞተሩ በቁልፉ ጥቂት ዞር ቢደረግ ማንሻው ነጻ ይሆናል። አረፋ እየደፈቀ የሚወጣው ናፍጣ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ብሎ ሲፈስ ቡሎኑ ይጠበቃል። ከዚያም በዋናው ፓምፕ ላይ ያሉት ሁለት የአየር ቡሎኖች፣ መጀመሪያ የታችኛው ቀጥሎም የላይኛው፣ በዚሁ አኳኋን ይከናወናሉ። በመጨረሻ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የሁለት ኖዝሎች ቱቦ ዳዶ ላላ ተደርጎ ሞተሩ ይዞራል፤ አረፋ የሌለበት ናፍጣ ሲወጣ ዳዶዎቹ ይጠበቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከኖዝል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ኃይል አለው። ስለዚህ እጅን ወይም ፊትን ወደዚያ ማቅረብ አይገባም። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ መስሎ ቢታየውም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ነጭ ጭስ ከወጣ

ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። የጎደለው ሙቀት ነው። ይህ ዓይነት ትራክተር አየር በሚገባበት ቱቦ ላይ አንዲት ማሞቂያ አለችው። ቁልፉ በማሞቂያው ቦታ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ተይዞ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ወደ ማስነሻው ሲዞር፣ ማሞቂያዋ ጥቂት ናፍጣ አቃጥላ የሚገባውን አየር ታሞቀዋለች። ብዙ ባለትራክተሮች የማሞቂያዋ ሽቦ ከተበጠሰ ዓመታት አልፎ ሳለ አያውቁም። ቁልፉ ተይዞ በቆየ ጊዜ ማሞቂያዋ ያለችበት አካባቢ ካልሞቀ ሽቦዋ ይታይ።

ማሞቂያዋ ደኅና ሆና ነጩ ጭስ ከቀጠለ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራና በጭቃማ ዘይት አለመደፈኑ ይመርመር። ማጣሪያውም ንጹሕ ከሆነ ፋሻዎቹ ወይም ቫልቮቹ አልቀው አየሩ በደንብ አለመታመቁ ያሠጋል፤ ይህ ግን የመካኒክ ሥራ ነው።

ሊደረጉ የማይገባቸው

ብርድ ሲጠና ሰዎች የተለያየ ዘዴ ይሞክራሉ። ከሞተሩ ሥር እሳት የሚያነድዱ አሉ፤ ናፍጣና ዘይት ባንጠባጠበበት ቦታ ይህ ትራክተሩንም ቤቱንም ማቃጠል ነው። በአየር መግቢያው በኩል ቤንዚን የነከረ ጨርቅ የሚያቀርቡ ወይም ኤተር የሚረጩም አሉ። ማሞቂያዋ ግላ ሳለ እንዲህ ከተደረገ ፍንዳታ ሊነሣ፣ የሞተሩም ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ሞተሩን ማሞቅ ካስፈለገ ራዲያተሩ ላይ ያልፈላ ሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል።

ትራክተሩን ማታ በቁልቁለት አቁሞ ጧት በመንከባለል ማስነሣት በደጋው የተለመደ ነው። ባትሪ መግዛት ያልቻለ ሰው ይህን ማድረጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሆኖም የትራክተር የግራና የቀኝ ፍሬን ለየብቻ የሚሠራ በመሆኑ ሁለቱ ፔዳሎች ካልተያያዙ አንደኛው ጎማ ብቻ ተይዞ ትራክተሩ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ፔዳሎቹ በማያያዣው ይያያዙ፤ ከፊት ሰውና ከብት አይኑር፤ ሌሊቱን ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይደገፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ከመሬት ቆሞ በካቻቢቴ ማስነሣት ይቅር። ሞተር የሚነሣው ከመቀመጫው ላይ ብቻ ነው።

ከማታ የሚጀምር ሥራ

ጧት የሚነሣ ትራክተር ማታ የተዘጋጀ ትራክተር ነው። ከሥራ ሲመለስ ታንኩ ቢሞላ ጤዛ የሚወርድበት ባዶ ቦታ አይኖርም። የናፍጣ በርሜል ከዝናብ ተከልሎ፣ በአንድ በኩል ከፍ ተደርጎ ቢቀመጥና ከተሞላ በኋላ አንድ ቀን ቢያርፍ ውሃውና ደለሉ ዝቅ ባለው ጎን ይዘቅጣል፤ ናፍጣውም ከላይኛው ክፍል ይቀዳል። የማጣሪያዋን ጽዋ በየጧቱ ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ማሲ ፈርጉሰን 135 መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በአርሲ ደግሞ በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው ካዱ ሥራ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ትራክተር ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ሞተር ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ተገቢው ጥንቃቄ ከተደረገለት ባለቤቱን ከነልጁ ያገለግላል።

በዚያ ጧት ሞተሩ የተነሣው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በመጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎም ጥቁር ጭስ ተፍቶ ድምፁን አስተካከለ። ተራው የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ወንዶች ተመካክረው ሦስተኛ ለነበሩት እማወራ ለቀቁላቸው። ማሳቸው ጥቁር አፈር በመሆኑ አንድ ብርቱ ዝናብ ከዘነበ ትራክተር ሊገባበት አይችልም፤ በሬም የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ የእርሳቸው መሬት ታርሶ አልቆ ነበር። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ግን በዚያ ቀን አልደረሰውም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ለነገ ተቀጠረ። ጧት ያለ ጥያቄ ያለፉት ሦስት ሰዓት ተኩል የእርሱ ነበሩ።

ባለትራክተሩ ረጅሙን ካቻቢቴ ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥተው ወደ ቤት ሲያስገቡት አየናቸው። ወጣቱ ረዳት ደግሞ ማታ ሲመለስ ማንም ሳያዝዘው ናፍጣ ሞላ፤ የማጥፊያውን እጀታ መለሰ፤ ከጎማዎቹም ሥር ድንጋይ አኖረ።